ቅጠል የታሰረባት አውሮፕላን

ሱራባያ፣ ማርች 9 ቀን 2004

ለአባዬ፣

ናፍቆቴን አስቀድሜ እልክልሃለሁ፤ የቀረውን ስታነብ የናፈቅኩህ ላይመስልህ ይችላል። እኔ ደህና ነኝ። ጥርስ ሐኪሙ ቤት እንግዳ መቀበሉን አልተውኩም። ቀኑን ሙሉ ጉንጩ ያበጠ ሰው ሳይ እውላለሁ፤ ደግነቱ ጥርሱን ያመመው ሰው ብዙ አያወራም። ለፋሲካ እንደምመጣና እንደማልመጣ ጠይቀኸኛል። መልሱ ያለው አንተ ጋ ነው። ጉልበትህስ እንዴት ነው፣ ስልክ ቤት ሄደህስ ለምን አትደውልልኝም?

ወሬው ደርሶኛል። አየር መንገዳችን ካሱዋሪ ቲሙር ከተዘጋ ጀምሮ በመንደራችን ሜዳ ላይ ተገትራ የቀረችው አውሮፕላን ቅጠል ታስሮባታል አሉ። ማን ነገረሽ አትበለኝ። ለጋ የኮኮናት ቅጠል የታሰረበትን ነገር ሽማግሌዎቹ እስኪፈቱት ድረስ ማንም እንደማይነካው አውቃለሁ፤ እዚያው ነው ያደግኩት። ግን ቅጠል ለኮኮናት ዛፍ፣ ለዓሣ ማጥመጃና ለድንበር ሲታሰር ነው ያየሁት። አውሮፕላን ምን አጠፋች? ነው ወይስ ፍሬዋ እስኪበስል ነው?

ሳምንቱን ልብ ብለኸዋል፣ አባዬ? ሰኞ የኮርኔሊስ አጎቶች የነሐስ መድፋቸውን ተሸክመው፣ እንደ ወጉ ለጥሎሽ፣ እኔን ሊጠይቁ መጡ። አንተ እሺም እንቢም አላልክም። ሐሙስ ቅጠሉ ታሰረ።

አውሮፕላኗን አቶ ሃርጆኖ የሚባሉ የጃካርታ ነጋዴ ገዝተዋታል። ወደዚህ አብርሮ የሚያመጣት ኮርኔሊስ ነው። ካመጣት፣ ሰውየው በሚከፍቱት አዲስ አየር መንገድ ይቀጠራል። ካላመጣት ሥራው የሌላ ነው። ካሱዋሪ ሲዘጋ እኔ ከቲኬት መስኮት ወደ ጥርስ ሐኪም ቤት ዞርኩ፤ አንተ ነዳጅ መሙላቱን ትተህ ወደ ጀልባህ ተመለስክ። አብራሪ ግን የት ይመለሳል? ኮርኔሊስ የሰው ሞተር ብስክሌት ተከራይቶ ተሳፋሪ ያመላልሳል። አንድ ቀን የድሮ ተሳፋሪው ጀርባው ላይ ተቀምጦ «ካፒቴን፣ ዛሬ ዝቅ ብለህ ነው የምትበረው» አለው። ሲነግረኝ ስቄ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ይህ የኢንቨስትመንት ዕድል ማደናቀፍ ነው። ለምን እንደሆነ በግልጽ ጻፍልኝ፤ ዳር ዳር አትበል።

ልጅህ ቪና


ኦሆይላር፣ ማርች 26

ልጄ ቪና፣

ደብዳቤሽን የመርከቡ ምግብ አብሳይ እስከ ቤት ድረስ አመጣልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ፖስታው ግን አንዴ ተከፍቶ በሩዝ መልሶ የተለጠፈ ይመስላል። በሩዝ የምትለጥፊው አንቺ ከሆንሽ ንገሪኝ፤ ካልሆንሽ ሌላ መልእክተኛ እንፈልግ።

ስለ ጉልበቴ ለጠየቅሽኝ፣ ከወንበር እስክነሳ ነው እንጂ ከተነሳሁ በኋላ ማንም አይቀድመኝም። እናትሽ ደህና ናት። ድመቷ ወልዳለች። ስልክ ቤት ሄደህ ለምን አትደውልልኝም ላልሽው ደግሞ አትቀየሚኝ፤ እዚያ ወረፋ የያዘው ሁሉ ከእኔ ቀድሞ «ሃሎ» ይላል። በማግስቱ ያወራሁትን ከእኔ አሳምረው ለእኔው ይነግሩኛል።

ቅጠሉን ያሰሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም። ስለዚህ ነገር ከዚህ የበለጠ የምጽፈው የለኝም።

መድፉ በረንዳ ላይ ነው። ወደ ቤትም አላስገባሁት፣ ወደ ባለቤቶቹም አልመለስኩት። ዝናብ እንዳይመታው ጆንያ አልብሼዋለሁ። ጎረቤት ሁሉ እያለፈ ጆንያውን ገለጥ አድርጎ ያያል፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም። እኔም አልነግራቸውም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። «የኢንቨስትመንት ዕድል ማደናቀፍ» የሚባለውን ነገር ማን አስተማረሽ? ከአንቺ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ስትጽፊ በትከሻሽ ላይ አሻግሮ የሚያነብ ሰው ካለ ሰላም በይልኝ።

አባትሽ ማርሴሊኑስ


ሱራባያ፣ ኤፕሪል 11፣ የፋሲካ ዕለት

ለአባዬ፣

እንኳን አደረሰህ። እንዳልመጣሁ አይተሃል።

ደብዳቤዬን ማንም አያጽፈኝም። ያቺን አንዲት ቃል ከኮርኔሊስ ወስጃለሁ፣ እውነት ነው፤ የቀረው ቁጣ የራሴ ነው።

ሽማግሌ አይደለሁም አልከኝ። ግን እንደ ወጉ ትንባሆ ይዞ ባላባታችን ራጃው ቤት የሄደው ማን ነው? «በዚያች አውሮፕላን ላይ ቅጠል እሰሩልኝ» ብሎ ከደጃቸው ሳይነሳ የዋለው ማን ነው? እማዬን እንዳትቆጣት፤ አውጣጥቻት ነው። ስለ ድመቷ ግልገሎች ጠየቅኋት፤ እሷ እንደ ልማዷ ስለ ሁሉም ነገር ጻፈችልኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አባዬ! አስሮ «ያሰርኩት እኔ አይደለሁም» ማለት ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚሉት ነው።

ስለዚህ ያልከውን ትቼ ያላልከውን እኔው ልጻፍልህ። እኛ ሜል ነን፣ የመኳንንት ዘር። የኮርኔሊስ ቤተሰቦች ሬን ናቸው፣ ተራ ሰዎች። የሜል ሴት ልጅ ለሬን አትሰጥም። ይህን በአደባባይ ብትናገር የከተማ ሰው ይስቅብሃል፤ ቄሱም ይቆጡሃል። አንተ ደግሞ መሳቂያ መሆን አትወድም። ስለዚህ ልጁ ሥራ እንዳያገኝ ታደርጋለህ፤ ሥራ የሌለው ሰው ራሱ አፍሮ መድፉን ተሸክሞ ይሄዳል። አንተም እጅህ ንጹሕ ሆኖ ትቀመጣለህ።

ልክ ካልሆንኩ ልክ አይደለሽም በለኝ። ግን በምክንያት።

ቪና


ኦሆይላር፣ ሜይ 2

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ለእናትሽ አላሳየኋትም። ድመቷን ግን ለጎረቤት ሰጥቻታለሁ። ሰላይ ቤቴ ውስጥ አልቀልብም።

ይህን ደብዳቤ ለማንም አታንብቢ። ከመጀመሪያው ያልነገርኩሽ ስለማላምንሽ አይደለም፤ ስለምትወጂው ነው። ለአንቺ ብነግርሽ ለኮርኔሊስ ትነግሪዋለሽ። ኮርኔሊስ ለሃርጆኖ ይነግራል። ሃርጆኖ ደግሞ ቀለም አስይዞ ሰው ይልካል።

አውሮፕላኗ የቆመችው ባሕሩ አፍንጫ ሥር ነው። ማዕበል በተነሳ ቁጥር ጨዋማውን ውሃ ስትጠጣ ከረመች። ባለቤቶቿ ካሱዋሪ ብለው መብረር በማይችል ወፍ ስም ከጠሯት ጀምሮ መጨረሻዋ አላማረኝም ነበር፤ አሁን ግን ቀልድ አይደለም። ገዢ መጣ ሲባል እስቲ ልያት ብዬ፣ ክንፏ ከሆዷ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈትቼ እጄን ሰደድኩ። ክንፉን የሚሸከመው ብረት እንደ ደረቅ የካሳቫ ቂጣ በጣቴ መካከል ተፈረፈረ። እጄን ሳወጣው ነጭ ዱቄት ነበር። ከላይ ስታያት አምራለች። ክንፏ ግን አየር ላይ ይለቃል።

ለካሱዋሪ ሰዎች ተናገርኩ። «አንተ ነዳጅ ሞልተህ አርፈህ ተቀመጥ፤ መርማሪ አይቶ ፈርሞባታል» አሉኝ። መርማሪ መጥቶ ከሆነ በየት በኩል መጣ? እኛ መንደር ዶሮ ሳይታይ አያልፍም። ያን ጊዜ ነው ትንባሆዬን ይዤ ራጃው ቤት የሄድኩት። በአገር ቤት ከወረቀት ይልቅ ቅጠል ይከበራል ብዬ።

ማስረጃ አምጣ እንደምትይ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ነው ሞኝነቴ። ቅጠል ከታሰረባት በኋላ እኔም ልነካት አልችልም። «ለአንድ አፍታ ፍቱልኝና ላሳያችሁ» እንዳልል ሕጉን ታውቂዋለሽ፦ ቅጠል ለአንድ ሰው ብሎ አይፈታም። የተፈታ ቀን ለሁሉም ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል። ሃርጆኖም ያቺን ቀን ነው የሚጠብቀው። ያየሁትን ለማንም ሳላሳይ አስቆልፌ ቁልፉን ባሕር ጣልኩት ማለት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ! እናትሽ ይህን በየቀኑ ትተርትብኛለች።

ልጁን አልጠላውም። እንዲሞት አልፈልግም። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አባትሽ


ሱራባያ፣ ሜይ 23

ለአባዬ፣

«ሌላ ምክንያት የለኝም» ያልካትን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ካንተ ደብዳቤ ሁሉ ያላመንኳት እሷን ብቻ ነው።

ለኮርኔሊስ አነበብኩለት። እንዳትጮህብኝ። የሱ ነፍስ ነው፤ ከማን ደብቄ ለማን ልንገር? «የአባትሽ ዝገት ጎበዝ ነው፤ መድፉ እስኪመጣ ጠብቆ ወጣ» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ ለምን ከዚያ በፊት አላየኸውም? ያቺ አውሮፕላን ያለ ባለቤት በቆመችበት ጊዜ ሁሉ ልጆች ክንፏ ላይ ይንሸራተቱ ነበር፤ ማንም አልወደቀም።

ነጋዴ ይዋሻል፣ አውቃለሁ። አባትም ግን ይዋሻል። ነጋዴው የሚዋሸው ለገንዘብ ነው፤ አባት የሚዋሸው «ለአንቺው ብዬ ነው» እያለ ነው። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

አንዲት ነገር ግን አልደብቅህም። ኮርኔሊስ ሲስቅ ሻዩን አልጠጣውም። እኔ ዕቃ አጥቤ እስክመለስ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ምናልባት ትኩስ ስለሆነበት ይሆናል። ባንተ ምክንያት ሰው ሻይ ሲጠጣ እንኳ ማየት ጀምሬያለሁ።

ቪና


ኦሆይላር፣ ጁን 20

ልጄ፣

ለኮርኔሊስ ማንበብሽ የት እንደደረሰ ገብቶኛል። ቀለም ቀቢዎቹ መጥተዋል።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። ሃርጆኖ ራሱ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለሰው ሁሉ ሲጋራ እያደለ፣ ለራጃው ሁለት ጊዜ እጅ ነሣ። ለቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ጣሪያ አሠራለሁ አለ፤ ለመንደሩ ደግሞ ጄኔሬተር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። «ማርሴሊኑስ፣ ቅጠሉን የለመንክበትን አሳየን» አሉ። «ፍቱና ላሳያችሁ» አልኩ። «ካላሳየኸን በምን እንፍታ?» አሉ። «ካልፈታችሁ በምን ላሳያችሁ?» አልኩ። ይህን ስንባባል ሃርጆኖ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ይስቅ ነበር። በመጨረሻ ፈቱት፤ ለእሱ ብለው።

የሜዳውን አጥር አልፌ ሮጥኩ፣ በዚህ ጉልበቴ። ክንፏ ሥር የሃርጆኖ ሰዎች ቀድመውኛል። ጮህኩ፣ ገፋኋቸው፣ አንዱን መታሁት። ለዚህ ሽማግሌዎቹ ሜዳውን እንዳልረግጥ አስማሉኝ። መሐላዬን አላፈርስም። አሁን የማያት በአጥር ነው።

ይኸውልሽ የጠረጠርኩት። የቆመች አውሮፕላን ሲያስነሱ መጀመሪያ የሚጠሩት ሞተር የሚያውቀውን ነው። እነዚህ ግን ሞተረኛው ሳይመጣ ቀለም ቀቢ አመጡ። የቀቡት ደግሞ ሁሉንም አይደለም። ክዳኗ ያለችበትን ቦታ ብቻ፣ ከውስጥም ከውጭም። ሌላው አካሏ እንደ ነበረ ነው። ጎኗ ላይ የካሱዋሪ ስም እንኳ አልጠፋም።

ሞተረኛው ባለፈው ሳምንት መጥቶ ሄደ። አሁን የሚጠበቀው አብራሪው ነው። ረዳት አብራሪ እንደሌለ፣ አንድ ሰው ብቻ እንደሚመጣ ሰማሁ። ለምን አንድ ሰው ብቻ? ጠይቂልኝ።

አባትሽ


ሱራባያ፣ ጁላይ 4

ለአባዬ፣

ይህ ደብዳቤ በአየር ይመጣልሃል፤ እስካሁን ያልተዘጋ አንድ አየር መንገድ ተገኝቷል። እኔ በመርከብ ከኋላው ነኝ።

ጠይቂልኝ ያልከውን ጠየቅሁት። በቀጥታ አይደለም፤ የማን ልጅ ነኝና በቀጥታ እጠይቃለሁ! «ፈቃድ ወስጄ አገር ቤት እሄዳለሁ፤ ስትመለስ ካንተ ጋር እመለሳለሁ። ጎንህ ያለው ወንበር ባዶ አይደል?» አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። አንተን በስህተትህ ላሳፍርህ ነበር ሐሳቤ፤ ሱራባያ ከወረድን በኋላ ከአውሮፕላን ማረፊያው «በሰላም ደረስን» ብዬ ልጽፍልህ።

ኮርኔሊስ መጀመሪያ «ሕጉ አይፈቅድም» አለኝ። አባዬ፣ ካሱዋሪ ቲኬት የምቆርጠው እኔ ነበርኩ እኮ። ሕጉ ምን ሲፈቅድ እንደኖረ አውቃለሁ፤ ፍየል ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሄድ አይቻለሁ። ቀጥሎ «ክብደት ይበዛል» አለ። ባዶ አውሮፕላን! ቀጥሎ «አቶ ሃርጆኖ አይወዱም»። ቀጥሎ ተቆጣ። «በእናትህ ስም ማልልኝ፣ ደህና ናት በለኝና እቀራለሁ» አልኩት። እጄን ያዘኝ፤ አልማለም።

ያን ጊዜ ገባኝ። እሱም ያውቃል። አንተ የጻፍክልኝን ካነበብኩለት በኋላ አቶ ሃርጆኖን ጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም ክደው አላታለሉትም። «ሱራባያ እስክትደርስ ትችላለች፤ እዚህ እንጠግናታለን» ብለውታል። «አንተ እንቢ ካልክ ወረፋ የያዘ አብራሪ ሞልቷል» ብለውታል። ስንት አየር መንገድ እንደተዘጋ ታውቃለህ፤ ያልዋሹት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ ተጣላን። «አንዴ ብቻ ነው፣ ቪና፤ ከዚያ በኋላ የአባትሽን ዓይን ቀና ብዬ አያለሁ» ብሎኝ ትናንት ተነሳ።

አንተን ስጠረጥር ከረምኩ። ይቅርታ ለማለት አፌ አልተፈታልኝም፤ ስደርስ እሞክራለሁ። አሁን የምለምንህ ለእማዬ እንዳትነግራትና ሽማግሌዎቹ ጋ እንዳትሄድ ነው። በአገራችን ሕግ ሴትን ያለ ፈቃዷ የነካ ወንድ ምን እንደሚደርስበት አስታውስ፤ ሌላ አልጽፍም። ፖስታውን ማን እንደሚከፍተው አላውቅም።

ቪና


ከአጥሩ ሥር፣ ጁላይ 17

ልጄ፣

ይህን እናትሽ ከዓሣው ጋር ታመጣልሻለች። እኔ አጥሩን ማለፍ አልችልም፤ እሷ ግን አልማለችም። ስትሄድ እየተቆጣች ነው፤ የምትቆጣው እኔን ነው፣ አትፍሪ።

ከዚህ ሆኜ ፊትሽ በአውሮፕላኗ መስታወት ይታየኛል። ጠዋት ማንም ሳያይሽ ገብተሽ ከአብራሪው ጎን ያለውን ወንበር ስትይዢ ምን እንዳሰብሽ ሲገባኝ ቁጭ አልኩ። ሃርጆኖ «አውርዷት!» እያለ ሲጮህ ያየሁትን ደስታ ልነግርሽ አልችልም። ፖሊሱ የእኛው የዮናስ ልጅ ነው፤ ሰማይ ሰማይ ያያል። ተመልሶ የመጣው ሞተረኛ ጫማውን ያስራል። ራጃው ራሱ መጥቶ «ሴት ልጅ በፈቃዷ የተቀመጠችበትን ቦታ ማን ያስለቅቃል? የነካት ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚነጋገረው» አለ። ሃርጆኖ ሕጉ በየትኛው መጽሐፍ እንደተጻፈ ጠየቀ።

ኮርኔሊስም ሲገባ አየሁት። ሞተሩን ያስነሳል ብዬ አጥሩን ጨምድጄ ያዝኩ። ከጎንሽ ተቀመጠ፣ እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በቃል አልደፍረውም። «ሌላ ምክንያት የለኝም» ያልኩሽን ያላመንሽው ልክ ነበርሽ። ዝገቱ እውነት ነው፤ ሬን መሆኑም ይቆጨኝ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡልኝ የትኛው እንደገፋኝ ራሴም አልጠየቅኩም። ዛሬ ግን አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ሞተር ማስነሳት ያቃተውን ሰው አየሁ። ከዚህ የበለጠ ጥሎሽ የለም። እሺ ብያለሁ። አግቢው፣ እመርቃችኋለሁ።

ብዪ፤ ዓሣው ይቀዘቅዛል።

አባትሽ


ከአውሮፕላኗ ውስጥ፣ በዚያው ቀን

ለአባዬ፣

ዓሣው ደርሶኛል፤ ለሁለት በላነው። አቶ ሃርጆኖ ሲሄዱ ሳታያቸው አልቀረህም። ሽማግሌዎቹ አሁን ክዳኑን ከፍተው እጃቸውን እየሰደዱ ነው፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። ራጃው «ማርሴሊኑስን ጥሩልኝ» ሲል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ይህን ሳትጨርስ መሐላህን ፈትተው ያስገቡህ ይሆናል። እኔ ግን በዓይንህ እያየኸኝ ልነግርህ ስለማልችል ቶሎ ልጻፈው።

ምርቃትህን አነበብኩት። ይህችን ቃል ካንተ ለመስማት ስንት ዘመን ተመኘሁ! እማዬ አጠገቤ ቆማ ታለቅሳለች፤ ኮርኔሊስም ደብዳቤውን አንብቦ አለቀሰ።

ከዚያ ጠየቅሁት። «እኔ እዚህ ባልቀመጥ ኖሮ ታስነሳት ነበር?» አልኩት። የሚያምር ውሸት እየፈለገልኝ መሰለኝ፤ ብዙ ጊዜ ፈልጎ ያገኝልኝ ነበር። ዛሬ አልፈለገም። «አዎ» አለኝ። «ነገስ፣ ሌላ ሃርጆኖ ቢመጣ?» አልኩት። መስታወቱን እያየ «ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ቪና» አለኝ።

አባዬ፣ እንደዚህ ያለ አየር መንገድ ነገም ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የተዘጋውን ሌላው በርካሽ ይገዛዋል። እኔ በእያንዳንዷ አውሮፕላን ውስጥ ቀድሜ ልቀመጥ አልችልም። እወደዋለሁ፤ ይህን አትጠራጠር።

እነዚህን ወራት ሙሉ አንተም እሱም የነገራችሁኝን ሁሉ እያገላበጥኩ ስመረምር ከረምኩ። ያቺን «አዎ» ግን ሳልመረምር፣ እንደሰማኋት አመንኳት። ስለዚህ አላገባውም።

ቪና